በብረት ላይ የተጻፈ ስም

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ይህ አባባል ለሰው ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል እንጂ ለመዶሻና ለመጋዝም የሚሠራ ነው። አንድን መፍቻ የሠራው ሰው ከሞተ፣ የሠራበትም ፋብሪካ ከተዘጋ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በብረቱ ላይ የተመታው ስም ሳይጠፋ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይኖራል። በዛሬው ዓምዳችን አንባቢዎቻችንን የምናጫውተው ስለዚሁ ነው፤ በአውሮፓ ስለ ተሠሩ የእጅ መሣሪያዎች፣ እነርሱን ስለ መሰብሰብና አንዱን ከሌላው ጋር ስለ ማመዛዘን።

«ይህ የአናጢና የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ ለተማሪና ለቢሮ ጸሐፊ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። የተከራያችሁት ቤት የበሩ ማጠፊያ ሲላቀቅ፣ የቧንቧው ውሃ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ፣ ለመጻሕፍቶቻችሁ መደርደሪያ ሲያስፈልግ፣ መሣሪያ መግዛታችሁ አይቀርም። በገበያ ደግሞ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይጠብቃችኋል። አንደኛው አዲስ፣ የሚያንጸባርቅ፣ የታላቅ አገር ስም የተጻፈበት ነው። ሁለተኛው አሮጌ፣ ዝገት የቀመሰ፣ ጽሑፉ በግድ የሚነበብ ነው። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ሁለት ጊዜ መክፈል አይችልምና የትኛውን ይግዛ? ይህን ለመመለስ በብረት ላይ የተጻፈው ስም ምን እንደሚል፣ ምንስ እንደማይል አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ከእነዚህ ስሞች ሁሉ ይልቅ በዓለም የታወቀው «በጀርመን አገር የተሠራ» የሚለው ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ያየ ሰው ዋጋውን ሳይከራከር ኪሱን ይዳብሳል። ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ ሲጀመር የክብር ሳይሆን የነውር ምልክት እንዲሆን የታሰበ ነበረ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹን፣ ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን።

በሰሜን እንግሊዝ ሸፊልድ የምትባል ከተማ አለች። በዙሪያዋ ፈጣን ወንዞች፣ የብረት ማዕድንና የሞረድ ድንጋይ ስለ ነበሩ ቢላ መሥራት የጀመረችው ገና በጥንት ነው። ባለ ቅኔው ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በደረሰው ተረት አንዱን ሰው የሸፊልድ ቢላ አስታጥቆታል። በ1624 የእንግሊዝ ፓርላማ የቢላ ሠሪዎችን ማኅበር በሕግ አቋቋመላት፤ ማኅበሩም የእያንዳንዱን ባለሙያ ምልክት እየመዘገበ አንዱ የሌላውን እንዳይሰርቅ ይጠብቅ ነበር። በ1740ዎቹ ደግሞ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ለሰዓት የሚሆን ጥሩ ሞላ አጥቶ ሲቸገር፣ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ አቅልጦ ንጹሕ ፉላድ ማውጣት ቻለ። የከተማይቱ ቢላ ሠሪዎች መጀመሪያ «ይህ ብረት ጠነከረብን» ብለው ሳይገዙት ቀሩ፤ ገዢውም ፈረንሳይ ሆነ ይባላል። በፉላዱ የተሠራው የፈረንሳይ ቢላ ገበያቸውን ሲሻማባቸው ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ከዚያ ወዲህ የሸፊልድ መጋዝ፣ መሮና ሞረድ በዓለም ዞረ።

አሁን ከእንግሊዝ ወደ ጀርመን እንሻገር። በምዕራብ ጀርመን በቩፐር ወንዝ አካባቢ ዞሊንገንና ሬምሻይድ የሚባሉ ጎረቤታሞች ከተሞች አሉ። ዞሊንገን የቢላና የመቀስ፣ ሬምሻይድ ደግሞ የሞረድና የመሣሪያ አገር ናቸው። እነርሱም እንደ ሸፊልድ መዶሻቸውን በወንዝ ጉልበት እያስመቱ ጥንት የጀመሩ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ከጀርመን ነጋዴዎች አንዳንዶቹ በአቋራጭ መክበር ፈለጉና ርካሽ ዕቃ ሠርተው የሸፊልድን ስም እየመቱበት ይሸጡ ጀመር። ነገሩ ለራሳቸው ለጀርመኖችም አሳፋሪ ነበረ። በ1876 በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የአገሩ ተወካይ የነበረው መሐንዲስ ፍራንዝ ሮሎ፣ የጀርመን ዕቃ ርካሽና መጥፎ ነው ብሎ ለአገሩ ሰው በግልጽ ጻፈ። ብዙዎች ተቆጡት፤ እርሱ ግን ቃሉን አላጠፈም።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1887፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የንግድ ምልክት ሕግ አወጣ። ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ የእንግሊዝ የሚመስል ስም ወይም ምልክት ካለበት፣ የተሠራበት አገር በግልጽ እንዲጻፍበት ይኸው ሕግ አዘዘ። «በጀርመን አገር የተሠራ» የሚለው ቃል በሰፊው የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። የታሰበው ገዢው ጽሑፉን አይቶ እንዲሸሽ ነበረ። ነገር ግን የሬምሻይድና የዞሊንገን ሰዎች ስማቸው በግድ የሚጻፍ ከሆነ ሥራው ስማቸውን እንዳያሳፍር ተጉ፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻቸውም ሙያተኛ አፈሩላቸው። ገና 10 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1896፣ አንድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ያንኑ ጽሑፍ የመጽሐፉ ርእስ አድርጎ የጀርመን ዕቃ ገበያችንን ወሰደብን ሲል ጮኸ። እንግዲህ የነውሩን ምልክት የክብር ምልክት ያደረገው ሕጉ አይደለም፤ የተገደደውን ስም በሥራ ማስከበር ነው። ዞሊንገን እንኳ በተራዋ ስሟን የሚሰርቅባት በዝቶ በ1938 ስሟን የሚጠብቅ ሕግ እስኪወጣላት ደርሳለች።

ስሙን ለማንበብ ጥቂት ልማድ ብቻ ይበቃል። ሀዜት የሚለውን ስም በመፍቻ ላይ ብታዩ፣ በ1868 በሬምሻይድ ሥራ የጀመረው የሄርማን ጸርቨር ስም የመጀመሪያ ፊደሎች በጀርመንኛ ሲጠሩ የሚሰጡት ድምፅ ነው። ጌዶሬ ማለት ደግሞ «የዶቪዳት ወንድማማቾች፣ ሬምሻይድ» የሚለው አጥሮ ነው፤ የተቋቋመውም በ1919 ነው። ባሕኮ የሚባለው የስዊድን ምልክት ቢ. ኤ. ዮርት ከሚባለው ነጋዴ ስም የወጣ ነው። በመንገዳችን የምናውቀው የፔጆ አንበሳም መጀመሪያ በመኪና ላይ አልነበረም። የፔጆ ወንድማማቾች በ1810 የእህል ወፍጮአቸውን ወደ ብረት ማቅለጫ ለውጠው መጋዝ ይሠሩ ነበርና በ1858 ያስመዘገቡት በቀስት ላይ የቆመው አንበሳ የመጋዝ ምልክት ነበረ። ጥርሱ እንደ አንበሳ ጥርስ የበረታ፣ ገላው እንደ አንበሳ ወገብ የሚተጣጠፍ፣ አቆራረጡ እንደ ቀስት የፈጠነ ማለታቸው ነው።

ጽሑፉ ዕድሜንም ይናገራል። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል የተመታበት ዕቃ አገሪቱ ለሁለት በተከፈለችበት ዘመን፣ ማለት ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። «የአሜሪካ ክልል» የሚል ካለበት ከዚያ ቀድሞ፣ ከጦርነቱ ማግስት ጀርመን በአሸናፊዎቹ መንግሥታት እጅ ሳለች የወጣ ነው። «ቼኮስሎቫኪያ» የሚለውም አገሪቱ በ1992 መጨረሻ ላይ ከመከፈሏ በፊት ነው። ታሪክ የሚያጠና ተማሪ አንድ ሣጥን አሮጌ ፒንሳ ቢሰጡት የአውሮፓን ካርታ መለዋወጥ ከዚያ ሊያነብ ይችላል።

ስም ግን ሊያሳስትም ይችላል። ለዚህ አፉ የሚሰፋና የሚጠበው መፍቻ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጣልያኖች «የእንግሊዝ ቁልፍ» ይሉታል፤ ፈረንሳዮችም እንዲሁ። ጀርመኖች ከዓይነቱ አንዱን «እንግሊዛዊ»፣ ሌላውን «ፈረንሳዊ» ይሉታል። ዴንማርኮች «የስዊድን ቁልፍ» ሲሉት ፋርሶች ደግሞ «የፈረንሳይ መፍቻ» ይላሉ። ሁሉም ለሌላው አገር ሰጡት ማለት ነው! ዛሬ በየሱቁ የምናየውን ቅርፅ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ግን ስዊድናዊው ዮሐን ፔተር ዮሐንሶን ነው። ኤንሸፒንግ በምትባል ትንሽ ከተማ የጥገና ቤት ነበረው። በዚያ ዘመን የብሎን ልክ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ሠራተኛው ብዙ መፍቻ ተሸክሞ መሄድ ነበረበትና ዮሐንሶን ሸክሙን ወደ አንድ መፍቻ አሳጠረው።

ይህ የልክ ነገር ዛሬም ገዢን ያስቸግራልና ልብ በሉ። የአሁኑ የአውሮፓ መፍቻ በሚሊሜትር የተቆጠረ ሲሆን ቁጥሩ የሚያመለክተው የመፍቻውን የአፍ ስፋት ነው። 13 ቁጥር መፍቻ 13 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የብሎን ራስ ይይዛል። በአሮጌው የእንግሊዝ መፍቻ ላይ ግን ሌላ ሥርዓት አለ። ጆሴፍ ዊትወርዝ የተባለው መሐንዲስ በ1841 የብሎን ጥርስ በአንድ ልክ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ፤ በእርሱ ሥርዓት የተሠራው መፍቻ ላይ የሚጻፈው የአፉ ስፋት ሳይሆን የብሎኑ የግንዱ ውፍረት ነው። ስለዚህ 3/8 ኢንች የሚል የዊትወርዝ መፍቻ አፉ 18 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ በአፉ ስፋት የተቆጠረው 3/8 መፍቻ ግን 9.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው ሻጩን «አታለልከኝ» ይላል፤ ሻጩ ግን አላታለለውም። 13 ሚሊሜትር መፍቻም ግማሽ ኢንች በሆነ ብሎን ላይ የሚገባ ይመስላል። ልዩነታቸው 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነውና። ነገር ግን ጠበቅ ሲያደርጉት ይንሸራተትና የብሎኑን ማዕዘን ይልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ብሎኑን የሚፈታው መሮና ወቀሳ ብቻ ነው።

ከአገር አገር ያለው ልዩነት ሁሉ የጥሩና የመጥፎ ልዩነት እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። የእንግሊዝ አናጢ የሚሠራበት መጋዝ ሰፊና ደንዳና ምላስ፣ በአንድ ጫፉ እጀታ ያለው ነው። የጀርመኑ አናጢ ግን ቀጭን ምላስ በእንጨት ክፈፍ ወጥሮ ገመዱን እያጠመዘዘ ያጠብቀዋል። የመጀመሪያው እንዳይታጠፍ በስፋቱ ይታመናል፤ ሁለተኛው በውጥረቱ። የጀርመን የእንጨት መላጊያ ከፊቱ እንደ ቀንድ የቆመ መጨበጫ አለው፤ የእንግሊዙ የብረት መላጊያ ክብ ጉብታ አለው። የጀርመን የብረት ሠራተኛ መዶሻ በጀርባው እንደ ሽብልቅ የሾለ ነው፤ የእንግሊዙ እንደ ኳስ የከበበ ነው። ሁሉም ይሠራሉ፤ እጅ የለመደው ይበልጣል። ማመዛዘን ማለት ማንን እናንግሥ ማለት ሳይሆን አንዱን ችግር ሁለት ሕዝብ በምን በምን መንገድ ፈታው ብሎ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ስሙ ምስክር ነው፤ ዳኛው ግን የገዢው ዓይንና እጅ ነው። ምስክርን ያለ መስቀለኛ ጥያቄ የሚያምን ዳኛ እንደሌለ ሁሉ ስምንም ያለ ፈተና ማመን አይገባም፤ አስመሳይ ሠሪ ስም ለመምታት የሚያስፈልገው አንድ ማኅተም ብቻ ነውና። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ እንኳ ብረቱ ከምን እንደ ተቀላቀለ ይናገራል እንጂ በእሳት በሚገባ መጠንከሩን አይናገርም።

ፈተናው ብዙ ወጪ የለውም። መጋዝ ስትገዙ ምላሱን ጥቂት አጥፋችሁ ልቀቁት፤ ቀጥ ብሎ ካልተመለሰ ተዉት። ለመሮ አሮጌ ሞረድ በኪሳችሁ ያዙና ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከስለቱ አጠገብ ጫር አድርጉት። ሞረዱ እንደ መስታወት ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ ከነከሰው ግን ለስለስ ያለ ነውና ስለት አይዝም። ስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁም ተጠንቀቁ። ፉላድ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሞቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ ይህም መሮው በግድየለሽ ሰው ሲሳል ግሎ ጥንካሬውን እንዳጣ ያመለክታል። መላጊያን ገልብጣችሁ ቀጥ ያለ ብረት በገላው ላይ አስተኙና ወደ ብርሃን አንሡት፤ በመካከል ብርሃን ካሳለፈ ገላው ተጣሟል። መፍቻ አፉ እንደ ተከፈተ ከንፈር ወደ ውጭ ከተንጋደደ፣ የሚሰፋውና የሚጠበው ዓይነትም መንጋጋው ከተወዛወዘ አይግዛችሁ። ላይ ላዩን የያዘ ዝገት በዘይትና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ ስለት ላይ ጉድጓድ የቆፈረ ዝገት ግን አይድንም።

ሁለት ነገሮች የገንዘብ ሳይሆን የአካልና የነፍስ ጉዳይ ናቸው። አንደኛው የተመታበት ራሱ እንደ እንጉዳይ የተዘረጋ መሮ ነው፤ መዶሻ ሲያርፍበት ስባሪው ፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ፒንሳ ነው። እጀታው ፕላስቲክ የለበሰ ሁሉ ከኤሌክትሪክ አያድንም፤ ብዙው የለበሰው ለእጅ ምቾት ነው። ለኤሌክትሪክ ሥራ ተብሎ የሚሠራው የሁለት ሦስት ማዕዘን ምልክትና 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት ሲሆን እያንዳንዱ ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት በ10,000 ቮልት ይፈተናል። የዚህ ዓይነቱን ፒንሳ አሮጌውንና ልባሱ የተሰነጠቀውን ከቶ አትግዙ፤ አዲሱንም ቢሆን ከታመነ ሻጭ እንጂ ከመንገድ ዳር አትውሰዱ። ምልክቱን አስመሳይ ሊመታው ይችላል፤ የ10,000 ቮልቱን ፈተና ግን እናንተ በቤታችሁ ልትፈትኑት አትችሉም። በሌላው መሣሪያ ሁሉ ዳኛው እጅ ነው ብለናል፤ በዚህኛው ግን እጅ ዳኛ እንዲሆን ከተተወ ፍርዱ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

መሰብሰብ የምትፈልጉ እንደ ሆነ በትንሹ ጀምሩ። ሃምሳ የተለያየ ዕቃ ከማከማቸት አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ለምሳሌ መዶሻን ወይም ፒንሳን፣ ከሦስት አገር ሦስት አግኝታችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ብዙ ትማራላችሁ። ለእያንዳንዱ በደብተር ላይ የተመታውን ስም፣ ልኩንና ክብደቱን፣ የተገዛበትን ቀንና ዋጋ፣ በሥራም ላይ ምን እንዳደረገ ጻፉ። ጽሑፍና መዝገብ የቢሮ ሰው ሙያ ነውና በዚህ ከአናጢው ትበልጣላችሁ። ዝገቱን ስታነሡ የተመታውን ስም በሞረድ አትላጡት፤ ስሙ የጠፋበት መሣሪያ ይሠራል፣ ታሪኩ ግን ይሞታል።

እንዲህ በትዕግሥት የሰበሰቡ ሰዎች ለአገራቸው ምን እንዳተረፉ ሁለት ምሳሌ እንስጥ። በሸፊልድ ኬን ሀውሊ የሚባል የመሣሪያ ነጋዴ ነበረ። የከተማይቱ ሠሪዎች አንድ ባንድ ሲዘጉ እርሱ መሣሪያውን፣ የዋጋ መዝገቡንና በጅምር የቀረውን ሳይቀር ይሰበስብ ጀመር። በ2014 ሲሞት ስብስቡ ከ70,000 ዕቃ በላይ ሆኖ በከተማይቱ ሙዚየም የራሱ ቤት ተሰጥቶት ነበር። በፈረንሳይም ፖል ፌለር የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ የሰበሰበው መሣሪያ ትሯ በምትባል ከተማ በ1974 ለሕዝብ ተከፍቷል። የቤቱ ስም የመሣሪያና የሠራተኛ አስተሳሰብ ቤት የሚል ነው። ስሙን ያወጣው ሰው መሣሪያ በብረት የተጻፈ አሳብ መሆኑን ተረድቷል።

እኛስ ከዚህ ሁሉ ምን ድርሻ አለን? አፋችንን ብንመረምር ብዙ አለን። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ብሎን፣ ዳዶ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ መሣሪያው ሲመጣ ስሙን ይዞ ገባ፤ ስሙም ባለ አገር ሆነ። መዶሻ፣ መጋዝ፣ መሮ፣ ሞረድ የምንላቸው ደግሞ የራሳችን ናቸው። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው አሮጌው ብረት ሲቆረጥ፣ ሲቀጠቀጥ፣ ወደ ሌላ ዕቃ ሲለወጥ ያያል። በዚያ የሚሠሩት ሰዎች ስማቸውን በሥራቸው ላይ አይመቱም። ምናልባት ለዚህ አንዱ ምክንያት በእጁ የሚሠራን ሰው ስንንቅ መኖራችን ይሆናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 በእኛ አቆጣጠር ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ንቀቱ ብርቱ ስለ ነበረ ነው። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ክብርን ግን ሊያመጣ አይችልም፤ ልክ በ1887 የወጣው ሕግ ስምን ሊያስጽፍ እንጂ ዝናን ሊሰጥም ሊነሳም እንዳልቻለው ሁሉ።

ስለዚህ፣ አንባቢዎች ሆይ፣ መሣሪያ ስትገዙ ስሙን አንብቡ፤ ነገር ግን በእጃችሁ ፍረዱ። የአገራችንም ሰው የሠራው መሮ ወይም መዶሻ ፈተናውን ካለፈ ያለ ማቅማማት ግዙት፤ «ስምህን ምታበት፤ ሌላ ጊዜ አንተኑ እንድፈልግ» በሉት። ሬምሻይድና ሸፊልድም አንድ ቀን የጀመሩት አንድ አንጥረኛ ስሙን በብረት ላይ ሲመታ፣ አንድ ገዢም ያንን ስም ፈልጎ ሲመለስ ነው።